ኬብሉ ተሰክቷል፤ ኔትወርክ ግን የለም

የጥበቃ ካሜራም ሆነ የቤት ራውተር ሲከፈት ብዙ ጊዜ ውስጡ የሚገኘው ሊኑክስ ነው። እንዲህ ባለ ዕቃ ፊት ተቀምጦ «ኔትወርክ ጠፋ» የሚል ሰው የለም። ኬብል ሲነቀል ወይም ዋይፋይ ሲቋረጥ ዕቃው ራሱ ዐውቆ ራሱ መላ መፈለግ አለበት።

ወሬው የሚነሳው ከታች ነው። ከኬብሉ ማዶ ሲግናል መኖሩን የሚያውቀው የኤተርኔት ቺፑ፣ ለውጡን ለከርነሉ በኢንተረፕት ይነግራል፤ የኢንተረፕቱ መስመር ቦርዱ ላይ ካልተዘረጋ ደግሞ ከርነሉ በየሰከንዱ ይጠይቀዋል። ከርነሉ በበኩሉ ለፕሮግራሞች የሚያሳውቀው ኔትሊንክ በሚባለው ሶኬት ነው። የሊንክና የአድራሻ ለውጥ እንዲደርሰው የተመዘገበ ፕሮግራም ተኝቶ ይጠብቃል፤ መልእክት ሲመጣ ብቻ ይነቃል።

ብዙ ሰው ግን ይህን ትቶ፣ ከርነሉ በሲስኤፍኤስ ውስጥ የሚያሳየውን «ካሪየር» የተባለ ፋይል በየጥቂት ሰከንዱ የሚያነብ ስክሪፕት ይጽፋል። ለሙከራ ይበቃል፤ በባትሪ ለሚሠራ ዕቃ ግን ብክነት ነው፣ በሁለት ንባብ መካከል ተነቅሎ የተመለሰ ኬብልም ያመልጠዋል። ዩዴቭም ቢሆን የዩኤስቢ ሞደም ሲሰካና ሲነቀል ይናገራል እንጂ የኔትወርክ ኬብል ሲነቀል ዝም ነው።

ኔትሊንክም ወጥመድ አለው። መልእክት ሲበዛና ማጠራቀሚያው ሲሞላ የተረፈው ይጣላል፤ ፕሮግራሙ የሚደርሰው የስሕተት ምልክት ብቻ ነው። ያኔ የጠፋውን መገመት ሳይሆን ያለውን ሁኔታ በሙሉ እንደገና መጠየቅ ያስፈልጋል። ፕሮግራሙ ሲነሳም መጀመሪያ ይመዝገብ፣ ቀጥሎ ያለውን ሁኔታ ይጠይቅ፤ ቅደም ተከተሉ ከተገለበጠ በመካከል የተፈጠረ ለውጥ ሳይታይ ያልፋል።

ይህን ሁሉ ከባዶ መጻፍ ግን ግድ አይደለም። ቢዚቦክስ ውስጥ ኬብል ሲሰካና ሲነቀል ስክሪፕት የሚያስነሳ አይኤፍፕላግዲ አለ። በሊንክሲስ ራውተሮች ላይ የተጀመረው ኦፕንደብሊውአርቲ የራሱን ኔትአይኤፍዲ ይዟል። ሲስተምዲ-ኔትወርክዲ፣ ኔትወርክማኔጀርና ኮንማንም አሉ። የቱም ይመረጥ፤ ሁለቱን በአንድ ካርድ ላይ ማሠራት ግን አድራሻውን ሲነጣጠቁ መዋል ነው።

ዋናው ጣጣ የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ሊንክ ተነሳ ማለት ኢንተርኔት አለ ማለት አይደለም፤ አድራሻው፣ ጌትዌዩ፣ ዲኤንኤሱና ሰርቨሩ ገና ይቀራሉ። ኬብሉ ወደ ሌላ ኔትወርክ ቢዛወር አድራሻ የሚጠይቀው የቢዚቦክሱ ዩዲኤችሲፒሲ በራሱ አያውቅም፤ የማደሻ ጊዜው እስኪደርስ አሮጌውን አድራሻ ይዞ ይቀመጣል። ሲግዩዝአር1 የተባለውን ሲግናል ልኮ ወዲያው እንዲያድስ ማድረግ ይቻላል።

ከዚህ የሚከፋው ደግሞ ከስዊቹ ማዶ ያለው መስመር ሲበጠስ ነው። ዕቃውን ከስዊቹ ጋር ያገናኘው ኬብል ደኅና ስለሆነ ከርነሉ ምንም አይታየውም። የቲሲፒ ኪፕአላይቭ ፕሮግራሙ ካልጠየቀው አይሠራም፤ ቢጠየቅም ካልተቀየረ በቀር የመጀመሪያውን ምርመራ የሚልከው ከ7200 ሰከንድ ዝምታ በኋላ ነው። ተልኮ መልስ ያጣ ዳታም በሊኑክስ መነሻ ቅንብር ሩብ ሰዓት ያህል ሲደጋገም ይቆያል። ስለዚህ ፕሮግራሙ ራሱ በየጊዜው «አለህ ወይ?» እያለ ሰርቨሩን መጠየቅ አለበት፤ እዚህ ላይ ኔትሊንክ አያድንም።

ምላሹም ጥድፊያ አይወድም። የላላ ኬብል በደቂቃ ውስጥ ብዙ ጊዜ ሊጠፋና ሊመለስ ስለሚችል፣ ሁለት ሦስት ሰከንድ ታግሶ ሁኔታው ሲረጋ መንቀሳቀስ ይሻላል። መብራት ጠፍቶ ሲመለስም በሺህ የሚቆጠሩ ዕቃዎች በአንድ ጊዜ ሰርቨሩን እንዳያጨናንቁት እያንዳንዱ በዕጣ የወጣለትን ያህል ይዘግይ። ባትሪ ያለው ሰዓት የሌለው ዕቃ ደግሞ ሲነሳ ራሱን እ.ኤ.አ. 1970 ላይ ሊያገኘው ይችላል። መስመሩ ሙሉ ሆኖ ሳለ የሰርቨሩን ሰርተፍኬት «ጊዜው ገና ነው» ብሎ ይጥለዋል፤ ሊንክ ሲነሳ ከሰርቨሩ በፊት ሰዓት የሚያስተካክለው ኤንቲፒ መጠራት ያለበት ለዚህ ነው።