ድመቷና የልብስ ስፌት ቤቱ ጨርቅ



ብዙ ልብስ ሰፊዎች አይጥ ጨርቅ እንዳይበላባቸው ድመት ያኖራሉ። ይህችው ድመት በተከመረው ጨርቅ ላይ ስትሸና ግን ጥቅሟ ወደ ጉዳት ይለወጣል። ድመት ራሷ ነጃሳ እንዳልሆነች በሐዲስ ተገልጿል፤ ሽንቷና ዓይነ ምድሯ ግን ነጃሳ ነው። ከዚያ ጨርቅ ደግሞ የሶላት ልብስ ሊሰፋ ይችላል።

ድመት ለመጸዳዳት የምትመርጠው ለስላሳና የሚቆፈር ቦታ ነው። ስለዚህ የራሷን ቦታ እንስጣት። ሰፋ ባለ ሳጥን ከ5 እስከ 7 ሳንቲ ሜትር ያህል አሸዋ ወይም ሰጋቱራ ሞልቶ፣ ከምግቧ ራቅ ባለ ጸጥተኛ ጥግ ማስቀመጥ ይበቃል። ጨርቁና ጥጡ ክዳን ባለው ዕቃ ይቀመጥ።

የሸናችበት ቦታ ሽታው ካልጠፋ ተመልሳ ትሸናበታለች። በሳሙናና በብዙ ውሃ አጥቦ ፀሐይ ላይ ማስጣት ነው። በረኪና አይጨመርበት፤ ሽንቱ ውስጥ ካለው አሞኒያ ጋር ሲገናኝ ሳንባን የሚጎዳ ጋዝ ይፈጥራል።

በዓይነ ምድሯ ቶክሶፕላዝማ የተባለ ጥገኛ ተሕዋስ ሊወጣ ይችላል። ከወጣ በኋላ ወደ ሰው መተላለፍ እስኪችል ከ1 እስከ 5 ቀን ይፈጅበታል። ሳጥኑን በየቀኑ ማጽዳት የሚጠቅመው ለዚህ ነው። ተሕዋሱ ጽንስን ስለሚጎዳ ነፍሰ ጡር እህቶች ጽዳቱን ለሌላ ሰው ይተዉ።

ድመቷን መምታት ፍርሃት እንጂ ትምህርት አይሆናትም። ደጋግማ ሞክራ ሽንት እምቢ ካላት ታማለችና ሳይውል ሳያድር ወደ እንስሳት ሐኪም ትወሰድ። ወንድ ከሆነ በተለይ ለሕይወቱ ያሰጋል።

አላህ ጤናችንን ይጠብቅልን።