«የሚያስገባኝን ነው የመረጥኩት»

የዲፓርትመንት ምርጫ ሰሞን ቢሮዬ ሰው አይለየውም። ባለፈው ዓመት ከዩኒቨርሲቲያችን ፔዳ ግቢ እኛ ወዳለንበት ዘንዘልማ ግቢ ድረስ የመጣች አንዲት ፍሬሽ፣ እኔ የማስተምረውን የዓሣ ሀብት ትምህርት አንደኛ ላይ ሞልታ ነበርና ደስ አለኝ። «ለምን መረጥሽው?» አልኳት።

«መምህር፣ የሚያስገባኝን ነው የመረጥኩት። ከት ፖይንቱ ዝቅ ይላል።»

ልቧ ያለው ፋርማሲ ላይ ነው። ፋርማሲን ግን አራተኛ ላይ አድርጋዋለች።

ፎርሙን አብረን እየከለስን እንዲህ ስል አስረዳኋት፦ ድልድሉ በውጤት ቅደም ተከተል የሚሠራ ከሆነ፣ ተራሽ ሲደርስ ከዘረዘርሻቸው ውስጥ ቦታ ያለው የመጀመሪያው ይሰጥሻል። ፋርማሲ አንደኛ ላይ ሆኖ ቢሞላ ወደ ሁለተኛው ትወርጃለሽ፤ ካንቺ ያነሰ ውጤት ያለው እዚያ አይቀድምሽም። የማትፈልጊውን አንደኛ ካደረግሽ ግን ውጤትሽ ለፋርማሲ ቢበቃም እዚያው ትቀሪያለሽ። «አንደኛው ካመለጠ ሁሉም ያመልጣል» የሚለው የዶርም ወሬ በየዓመቱ ስንቱን ልጅ ያሳስታል! እርግጥ ትምህርቱን አንደኛ ምርጫው ላደረገ ተማሪ ቅድሚያ የሚሰጥ አሠራር ካለ ስሌቱ ይለወጣል፤ ስለዚህ ከመሙላት በፊት ሬጅስትራርን መጠየቅ ግድ ነው። ከት ፖይንት የሚሉትም አምና በመጨረሻ የገባው ተማሪ ውጤት ነው፤ ዘንድሮ ከፍም ዝቅም ይላል።

ፉክክር ያነሰበትን መምረጥ ነውር አይደለም። የ2014 ዓ.ም.ን የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ያህል ብቻ ነበሩ፤ በዚያ ወንፊት ያለፈ ልጅ ያገኘውን ወንበር አጥብቆ ቢይዝ አይፈረድበትም። እኔን የሚያስጨንቀኝ ከገባ በኋላ ያለው ነው። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመውጫ ፈተና አለ፤ 50 በመቶ ያላመጣ ዲግሪውን አያገኝም። በዝቅተኛ ነጥብ ለገባ ፈተናው አይቀልለትም። ያልወደደውን ትምህርት ዓመታት ሲገፋ ከርሞ እዚያ ደጃፍ ላይ የቀረ ተማሪ አውቃለሁ፤ ዛሬም ያሳዝነኛል።

ፎርሙን በከለስን ማግስት ተማሪዎቼን ይዤ ጣና ዳር ስወርድ ልጅቷም አብራን መጣች። ከመረብ የወጣውን ነጭ ዓሣ ሴንቲሜትር በተሠመረበት ጣውላ ላይ እያጋደምን እንለካለን፤ ሆዱን ሰንጥቀን እንቁላል መያዝ አለመያዙን እናያለን። የአንዱን አፍ በአውራ ጣቷ ከፈተችና «ጥርስ የለውም!» አለች። እውነቷን ነው፤ የዚህ ወገን ዓሣ መንጋጋው ላይ ጥርስ የለውም። ሆኖም ጣና ውስጥ ካሉት 15 የነጭ ዓሣ ዝርያዎች 8ቱ ሌላ ዓሣ አድነው ይበላሉ። ከነጭ ዓሣዎቹ በርካቶቹ ክረምት ላይ ለመራባት ወደ ጉማራና ርብ ወንዞች ሲወጡ የወንዞቹ አፍ ላይ መረብ ይጠብቃቸዋል፤ ቁጥራቸው የተመናመነውም በዚህ ምክንያት ጭምር ነው። ጣና ይህን ተግቶ የሚያጠና ሰው ይፈልጋል፤ ሌላ ቦታ አጥቶ የመጣ ሰው ግን ይህን ሥራ አይዘልቀውም።

ልጅቷ ፋርማሲን አንደኛ፣ የእኛን ሁለተኛ አድርጋ አስተካከለች። ፋርማሲ ደረሳት። ጎበዝ ተማሪ አመለጠችኝ፤ ቢሆንም ትክክል ነበረች።

ፍሬሾች፣ ወላጆችም፣ አደራ! የምትሞሉትን ትምህርት ስሙን ብቻ ሰምታችሁ አትሙሉት፤ ሄዳችሁ እዩት። የእኛን ማየት የፈለገ ማክሰኞ ጠዋት ጣና ዳር ያገኘናል።