ከማርያም እስከ ገብርኤል፦ የወር አበባ ቆጠራና የሴት ጤና

ከላሊበላ ከተማ ጥቂት ኪሎ ሜትሮች ርቆ፣ በገደል ሥር ባለ ዋሻ ውስጥ የታነጸው የነአኩቶ ለአብ ቤተ ክርስቲያን ከዋሻው ጣሪያ በሚንጠባጠበው ጠበል ይታወቃል። ጠብታው በድንጋይ ገንዳዎች ይጠራቀማል፤ ምእመናንም ለፈውስ ይወስዱታል። ወደዚህ ደብር ለመሳለም የምታስብ የላስታ ሴት ከመነሳቷ በፊት ቀን ትቆጥራለች። በወር አበባዋ ላይ ያለች ሴት ቤተ መቅደስ ስለማትገባና ስለማትቆርብ፣ ያለፈው መቼ እንደመጣ፣ የሚቀጥለው መቼ እንደሚመጣ ማወቅ አለባት። ማንም ሐኪም ሳያዝዛት፣ ደብተርም ሳትገዛ ይህን ቆጠራ ዕድሜዋን ሙሉ ትይዛለች።

ይህ ቆጠራ ለቤተ ክርስቲያን ብቻ የሚጠቅም ተደርጎ መታየቱ ያሳዝነኛል፤ ስለ ጤናዋም ብዙ ይናገራልና። የአሜሪካ የማህፀንና ጽንስ ሐኪሞች ኮሌጅ በ2015 እ.ኤ.አ. ባወጣው ምክር፣ ልጃገረዶች ሲመረመሩ የልብ ምትና የደም ግፊት እንደሚለካ ሁሉ የወር አበባቸውም ሁኔታ እንዲጠየቅ አሳስቧል።

ምክንያቱ ዑደቱ የሚጀምረው ማህፀን ውስጥ ሳይሆን አንጎል ውስጥ መሆኑ ነው። አንጎል ከሥሩ ያለችውን የፒቱታሪ ዕጢ ያዝዛል፤ እርሷ የሴቷን የዘር ዕጢዎች ታነቃለች፤ እነርሱም እንቁላል እያበሰሉ ኤስትሮጅን የተባለውን ሆርሞን ያመነጫሉ፤ የማህፀን ውስጠኛ ግድግዳም ይወፍራል። እንቁላሉ ከወጣ በኋላ የነበረበት ስፍራ ፕሮጄስትሮን የሚባል ሌላ ሆርሞን ያመነጫል። ጽንስ ካልተፈጠረ ሁለት ሳምንት ገደማ ቆይቶ ሆርሞኑ ይወርዳል፤ ግድግዳውም ተልጦ ይፈሳል። ከዚህ ሰንሰለት አንዱ ቀለበት ሲላላ ቀኑ ይዛነፋል። አንጎል ደግሞ ትእዛዙን የሚሰጠው የምግቡን፣ የድካሙንና የጭንቀቱን ሁኔታ አይቶ ነው። በ1944 እና 1945 እ.ኤ.አ. ክረምት ኔዘርላንድ በጦርነት ረሃብ ስትመታ የብዙ ሴቶች የወር አበባ ቀረ፤ ከዘጠኝ ወር በኋላም የሚወለዱ ሕፃናት ቁጥር በእጅጉ አሽቆለቆለ። የሰባ ሰባቱን ድርቅ ያየች የወሎ እናት ይህ አይገርማትም።

ታዲያ ጤናማው ዑደት ስንት ቀን ነው? ደም ከታየበት የመጀመሪያ ቀን እስከሚቀጥለው የመጀመሪያ ቀን ሲቆጠር፣ ለአዋቂ ሴት ከ21 እስከ 35 ቀን ያለው ሁሉ ደህና ነው። የእኛ ወር 30 ቀን መሆኑ ለዚህ ሒሳብ እጅግ ይመቻል። በጥቅምት ማርያም፣ በ21 የጀመረላት ሴት ኅዳር 19 ቀን፣ በገብርኤል ዕለት ብታይ 28 ቀን ሆናት። በኅዳር ሚካኤል፣ በ12 ከመጣ 21 ቀን ነው፤ ከዚያ ከቀደመ ፈጥኗል። መድኃኔ ዓለም፣ 27 ደርሶ ካልመጣ ደግሞ 35ቱ ቀን አልፏል። በሌላ ቀን የሚጀምራትም ያንኑ ቀን በሚቀጥለው ወር ትያዝና ዘጠኝ ቀን ቢቀድም፣ አምስት ቀን ቢዘገይ አትስጋ። ጳጉሜን ስትገባ ብቻ አምስት ወይም ስድስት ቀን መደመር እንዳይረሳ።

አንድ ወር መዛነፉ በሽታ አይደለም፤ ጉንፋንም፣ ሐዘንም፣ ረጅም መንገድም ያዛንፈዋል። ገና የጀመራቸው ልጃገረዶች በመጀመሪያዎቹ ዓመታት እስከ 45 ቀን ሊቆዩ ይችላሉ። አስራ አምስት ዓመት ሞልቷት ጨርሶ ያላየች ልጅ ግን፣ እንዲሁም ሳታረግዝና ሳታጠባ ሦስት ወር የቀረባት ሴት መመርመር አለባት። ከምክንያቶቹ መካከል የምግብ እጥረት፣ የእንቅርት ዕጢ ሕመምና የማህፀን ቲቢ ይገኙበታል። በየሦስት ወሩ የእርግዝና መከላከያ መርፌ የምትወጋ ሴት ጉዳይ የተለየ ነው። መድኃኒቱ ግድግዳው እንዳይወፍር ስለሚያደርግ የወር አበባዋ ሊጠፋ ይችላል። ደሙ ውስጥ ተጠራቅሞ ይጎዳኛል የሚለው ፍርሃት ብዙዎችን መርፌውን ያስተዋቸዋል፤ የሚጠራቀም ደም ግን የለም።

ከመቅረቱ ይልቅ እኔን የሚያሳስበኝ መብዛቱ ነው፤ ሴቶቻችን ችለውት ይኖራሉና። በአንድ ዑደት የሚፈሰው ደም በአብዛኛው ከ30 እስከ 40 ሚሊ ሊትር ነው፤ ከ80 ካለፈ በዝቷል። ቤት ውስጥ የሚለካው ግን የለም፤ ስለዚህ ምልክቱን ማየት ነው። ጨርቁ ወይም ሞዴሱ በየሰዓቱ የሚርስ ከሆነ፣ ትልልቅ የረጋ ደም ከታየ፣ ከሰባት ቀን በላይ ከቆየ፣ ዳገት ስትወጣ ትንፋሿ ከተቆራረጠ የደም ማነስ ሊኖርባት ይችላል። በ2016 እ.ኤ.አ. በተደረገው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከ15 እስከ 49 ዓመት ካሉት ኢትዮጵያውያን ሴቶች 24 በመቶው ደም ማነስ ነበረባቸው። ላሊበላ ደግሞ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት። በዚህ ከፍታ ደም ሲለካ ውጤቱ ከፍታውን አስቦ መነበብ አለበት፤ አለዚያ ደም ያነሳት ሴት ደህና ነሽ ተብላ ትመለሳለች።

ጾማችን እንዲቀር አልልም። በጾም ወራት ሥጋ ከገበታ ስለሚጠፋ ግን የፈሰሰውን ደም ለመተካት የሚያስፈልገው የብረት ማዕድን ከእህል መገኘት አለበት። የቦካ እንጀራ ካልቦካ ቂጣ ይሻላል፤ ማቡካቱ ብረቱን አስሮ የሚይዘውን ንጥረ ነገር ይቀንሰዋልና። ምስር ላይ ሎሚ ጠብ ማድረግ ይጠቅማል። ቡና ወይም ሻይ ወዲያው በምግቡ ላይ ከተጠጣ ብረቱ ወደ ደም እንዳይገባ ያግዳል፤ አንድ ሰዓት ያህል ቢቆይ ጥሩ ነው።

ያረጡ እናቶች ነገር ለብቻው ይነገር። የወር አበባ ሳይታይ አሥራ ሁለት ወር ከሞላ ሴቲቱ አርጣለች። ብዙዎች ያን ጊዜ ቆጠራውን ይተዋሉ፤ ቆብ ደፍተው በደብሩ ዙሪያ የሚኖሩም አሉ። ከዓመታት በኋላ ጥቂት ደም ሲያዩ ልማደ አንስት የተመለሰባቸው መስሏቸው በኀፍረት ይደብቁታል። ይህ ግን የወር አበባ አይደለም። ጠብታም ብትሆን የማህፀን ወይም የማህፀን በር ካንሰር ምልክት ልትሆን ስለምትችል፣ ሳይውሉ ሳያድሩ ሐኪም ሊያያቸው ይገባል። የማህፀን በር ካንሰር በአገራችን ሴቶች ላይ ከጡት ካንሰር ቀጥሎ በብዛት የሚታይ ነው። ካንሰር ከመሆኑ በፊት ያለውን ለውጥ በቀጠነ አሴቲክ አሲድ ቀብቶ በዓይን ማየት ይቻላል፤ ለውጡ ከተገኘም ሥር ሳይሰድ ይታከማል።