ሞኒካ ራምቦ፦ ሰውነቷን ወደ ብርሃን የምትለውጠው ልዕለ ጀግና

በአሜሪካ የኮሚክ መጻሕፍት፣ ማለትም ታሪካቸውን በተከታታይ ሥዕሎችና በአጫጭር ምልልሶች በሚተርኩ ኅትመቶች ውስጥ፣ ብርሃንን መሣሪያው ያደረገ ልዕለ ጀግና ብርቅ አይደለም፤ ሬይ የተባለው ገጸ ባሕርይ በ1940 (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ለአንባቢ ቀርቧል፤ ድምፅን ወደ ብርሃን የምትቀይረው ዳዝለር ደግሞ በ1980 ተከትላለች። ከእነዚህ መካከል የብርሃንን ጠባይ ከሌሎቹ ሁሉ በላቀ ጥንቃቄ የያዘችው ግን ብርሃንን ከመወርወር አልፋ ራሷ ብርሃን የምትሆነው ሞኒካ ራምቦ ናት። የፈጠሯት ደራሲው ሮጀር ስተርንና ሠዓሊው ጆን ሮሚታ ልጁ (ስሙን ከሚጋራው ሠዓሊ አባቱ ለመለየት እንዲህ ይባላል) ሲሆኑ፣ ማርቭል የተባለው አሳታሚ ድርጅት ለመጀመሪያ ጊዜ ያስተዋወቃት በ1982 በወጣው የአስደናቂው ስፓይደርማን 16ኛ ዓመታዊ ልዩ እትም ነው።

በታሪኩ መሠረት ሞኒካ በሉዊዚያና ግዛት በኒው ኦርሊንስ ከተማ የተወለደች ጥቁር አሜሪካዊት፣ በወደብ ጥበቃ ክፍል በመኮንንነት የምታገለግል፣ ትእዛዝ መስጠትም መቀበልም የለመደች ሴት ናት። ከሌላ ዓለም ኃይል እየሳበ የሚሠራ አደገኛ መሣሪያ በአምባገነን ገንዘብ እየተሠራ መሆኑን ስትረዳ ወደ ስፍራው ሄዳ ታፈርሰዋለች፤ መሣሪያው ሲፈርስ የለቀቀው ኃይል ግን በሰውነቷ ውስጥ ያልፍና ተፈጥሮዋን ይለውጠዋል። ኃይሏን ያገኘችበት መንገድ በዚያ ዘመን ከነበሩት የልዕለ ጀግና ታሪኮች ብዙም አይለይም፤ የሚለየው ከዚያ በኋላ ያለው ነው።

ሞኒካ ያገኘችው ችሎታ ሰውነቷን ወደ ማንኛውም ዓይነት ኤሌክትሮማግኔታዊ ሞገድ መለወጥ ነው። ኤሌክትሮማግኔታዊ ሞገድ የሚባለው የኤሌክትሪክና የማግኔት መስኮች እየተፈራረቁ በባዶ ሕዋ ውስጥ ሳይቀር የሚጓዙበት የኃይል ዓይነት ሲሆን፣ ዓይን የሚያየው ብርሃን የዚህ ሰፊ ቤተሰብ ጠባብ ክፍል ብቻ ነው። የአንዱ ሞገድ ጫፍ ከቀጣዩ ጫፍ ያለው ርቀት የሞገድ ርዝመት ይባላል፤ ለሰው ዓይን የሚታየው ብርሃን ከ400 እስከ 700 ናኖሜትር ገደማ (አንድ ናኖሜትር የአንድ ሜትር ቢሊዮንኛ ነው) የሚደርስ የሞገድ ርዝመት አለው። ከዚህ ያጠሩት ሞገዶች ቆዳን የሚያቃጥለው አልትራቫዮሌት፣ ሥጋን አልፎ አጥንትን የሚያሳየው ኤክስሬይና ከሁሉም ብርቱ የሆነው ጋማ ጨረር ናቸው፤ የረዘሙት ደግሞ እንደ ሙቀት የሚሰማን ኢንፍራሬድ፣ ምግብ የሚሞቅበት ማይክሮዌቭ እና ግድግዳ እያለፈ ወደ ቤት የሚገባው የሬዲዮ ሞገድ ናቸው። ሞኒካ ከእነዚህ ወደ አንዱ ስትለወጥ የዚያን ሞገድ ጠባይ ሁሉ ትወርሳለች፤ በማይታየው ክፍል ውስጥ ስትሆን ከዓይን ትሰወራለች፣ እንደ ሞገዱ ዓይነት በጠጣር ነገር ውስጥ ታልፋለች፣ የሰውነቷን ጥቂት ክፍል ብቻ ለውጣ ከእጇ ጨረር ትለቃለች፣ ሁልጊዜም የምትጓዘው በብርሃን ፍጥነት፣ ማለትም በሰከንድ 300,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው።

ይህ ፍጥነት ምን ማለት እንደሆነ ማስላት ይጠቅማል። በዚህ ፍጥነት የሚጓዝ ነገር በአንድ ሰከንድ ውስጥ ምድርን በምድር ወገብ ዙሪያ ሰባት ጊዜ ተኩል ሊዞር፣ ጨረቃ ላይ ለመድረስም ከ1.3 ሰከንድ ያነሰ ጊዜ ሊበቃው ይችላል፤ ይሁንና ከፀሐይ ቀጥሎ ቅርብ ወደሆነው ኮከብ ለመድረስ ከአራት ዓመት በላይ ያስፈልገዋል፤ ስለዚህ ከተማን በመጠበቅ ረገድ ወሰን የለሽ የሚመስለው ኃይል በከዋክብት መካከል ሲለካ አዝጋሚ ይሆናል። ሳይንሱን እስከ ጫፉ ለሚከተል አንባቢ ሌሎችም እንቅፋቶች አሉ። 60 ኪሎ ግራም የሚመዝን ሰው በአንስታይን ቀመር መሠረት ሙሉ በሙሉ ወደ ኃይል ቢለወጥ፣ የሚለቀቀው ኃይል ሶቪየት ኅብረት በ1961 ካፈነዳችው፣ እስከ ዛሬ ከተሞከሩት ሁሉ ታላቅ ከሆነው የኑክሌር ቦምብ ከ25 እጥፍ በላይ በሆነ ነበር፤ ብርሃን የሚያልፍበት ዓይን ደግሞ ምስል ሊይዝ ስለማይችል የማይታይ ሰው በተፈጥሮ ሕግ መሠረት ዕውር መሆን ነበረበት። ደራሲዎቹ እነዚህን በዝምታ አልፈዋቸዋል፤ ባያልፏቸው ኖሮ ታሪኩ ከመጀመሪያው ገጽ አይዘልም ነበር።

ያላለፉት ነገር ግን ከዚህ ይበልጣል። ሞኒካ በአንድ ጊዜ ከአንድ የሞገድ ዓይነት በላይ መሆን አይቀናትም፤ የማታውቀው የኃይል ዓይነት ሲገጥማት መጀመሪያ መመርመር አለባት፤ ወደ ሥጋዋ ስትመለስም እንደማንኛውም ሰው በጥይት ልትሞት ትችላለች። ስለዚህ ጠላቶቿ ሊያሸንፏት የሚችሉት በጉልበት ሳይሆን በዘዴ ነው፤ ስተርን በ1986 እና በ1987 በጻፈው፣ ክፉዎች አቬንጀርስ የተባለውን የእሷን የጀግኖች ማኅበር መኖሪያ ወርረው በሚይዙበት ታዋቂ ታሪክ ውስጥ ወራሪዎቹ ከሌሎቹ ይልቅ እሷን ስለፈሩ ጨለማን በሚያዝ ተባባሪያቸው አማካይነት ብርሃን ወደማይወጣበት የጨለማ ዓለም ያስገቧታል። ቆየት ብሎም በሌላ ደራሲ እጅ፣ በመብረቅ መልክ ሳለች የባሕር ውኃ ነክታ፣ ጨዋማ ውኃ ኤሌክትሪክ አስተላላፊ በመሆኑ በውቅያኖሱ ላይ ተበትና ኃይሏን ታጣለች። ይህ ሁለተኛው ሽንፈት ከፊዚክስ አንጻር የተዋጣለት ሲሆን ከታሪክ አንጻር ግን ግፍ ነው፤ ምክንያቱም ሰበቡ ከሥነ ጽሑፍ ይልቅ በአሳታሚው ቤት ውስጥ የሚገኝ ነበር።

ሞኒካ በ1983 መጀመሪያ ወደ አቬንጀርስ ማኅበር ስትገባ የመጀመሪያዋ ጥቁር ሴት አባል ነበረች፤ ስተርንም ቀስ በቀስ አብስሏት በ1987 የማኅበሩ መሪ አደረጋት። አመራሯ ግን አልቆየም፤ አዘጋጆቹ ቦታው ካፒቴን አሜሪካ ለተባለው ጀግና እንዲመለስ በመፈለጋቸውና ደራሲው በዚህ ባለመስማማቱ ስተርን ከሥራው ተነሣ፤ እሷም ኃይሏንና ሹመቷን አጥታ ከመጽሐፉ ወጣች። ስሟም ቢሆን አልጸናላትም። ስትፈጠር የተሰጣት ካፒቴን ማርቭል የሚለው መጠሪያ ነበር፤ የስሙ የቀድሞ ባለቤት በዚያው በ1982 በታተመ መጽሐፍ በካንሰር እንዲሞት ተደርጎ ስለነበር፣ አሳታሚው ስሙን ሥራ ላይ ካላዋለው የንግድ ምልክት መብቱ፣ ማለትም ስሙን ብቻውን የመጠቀም ሕጋዊ መብቱ፣ አደጋ ላይ ይወድቅ ነበር። በ1990ዎቹ ስሙ የሟቹ ልጅ ወደሆነው ገጸ ባሕርይ ሲተላለፍ ሞኒካ ፎቶን ተባለች፤ ያው ገጸ ባሕርይ ቆይቶ ፎቶን የሚለውንም ሲወስድባት ፑልሳር፣ በ2013 ደግሞ ስፔክትረም ተብላለች። ያለ ጥፋቱ ይህን ያህል ጊዜ ከስሙ የተፈናቀለ ሌላ የማርቭል ጀግና ማግኘት ይከብዳል።

ሰፊው ሕዝብ ያወቃት በፊልም ነው። በ2019 በወጣው ካፒቴን ማርቭል በተሰኘው ፊልም ውስጥ ሕፃን ሆና ታይታለች፤ በ2021 ዋንዳቪዥን በተባለው ተከታታይ ድራማና በ2023 ዘ ማርቭልስ በተባለው ፊልም ደግሞ ቴዮና ፓሪስ ተጫውታታለች፤ በፊልሞቹ ግን ኃይሏ የሚመጣው ከሌላ ምንጭ ሲሆን፣ የወደብ ጥበቃ መኮንንነቷም ቀርቶ ጠፈርተኛ ሆናለች። ገጸ ባሕርይዋን በሚገባ ማወቅ የሚፈልግ አንባቢ ከፊልሙ ይልቅ ከ1982ቱ ልዩ እትም ቢጀምርና ስተርን እስከ 1987 የጻፋቸውን የአቬንጀርስ እትሞች በቅደም ተከተል ቢያነብ ይሻለዋል።