ተሳቢ

በሰዋስው ትምህርት «ተሳቢ» የምንለው የግሡን ድርጊት የሚቀበለውን ስም ነው። «ገበሬው በሬውን ጠመደ» ስንል ጠማጁ ገበሬው፣ ተጠማጁ በሬው ስለ ሆነ «በሬውን» የሚለው ቃል ተሳቢ ይባላል። በመንገድ ላይ ግን «ተሳቢ» የሚባለው የራሱ ሞተር ሳይኖረው በሌላ ኃይል የሚጎተት ባለ መንኰራኵር መጫኛ ነው። ሁለቱም «ሳበ» ከሚለው ግሥ የወጡ ናቸው። ልዩነታቸው ይህ ነው፦ የሰዋስው ተሳቢ ምን ጊዜም ድርጊት ተቀባይ ሆኖ ይኖራል፤ የመንገዱ ተሳቢ ግን በዳገት ሲጎተት ይቆይና በቁልቁለት ጊዜ ሳቢውን መግፋት ይጀምራል። ስለዚህ ተሳቢ የሚመርጥ ሰው አስቀድሞ ሊጠይቅ የሚገባው «እንዴት ይጎተታል?» ብሎ ብቻ ሳይሆን «እንዴት ይያዛል?» ብሎም ነው።

በአገራችን ደጋ ፈረስ ሰው ይሸከማል፤ አጋሰስ እህል ይጭናል፤ በከተማም ጋሪ ይስባል። በአውሮፓና በአሜሪካ ግን ፈረሶቻቸውን ለውድድር ራቅ ወዳለ ስፍራ የሚወስዱ ሰዎች ፈረሱን ራሱን በተሳቢ ጭነው በመኪና ይጎትቱታል። ጉዞው የሚያሳድር በሚሆንበት ጊዜ የተሳቢውን የፊት ክፍል በግድግዳ ከልለው አልጋ፣ ምድጃና የውሃ በርሜል የሚያስገቡበት አሉ። በዚህ ዓይነት ከኋላ ፈረሱ፣ ከፊት ባለቤቱ ያድራሉ።

እንዲህ ያለውን ማደሪያ ለመሥራት አራት ነገሮችን መመርመር ያስፈልጋል። መጀመሪያው ክብደት ነው። በእነዚያ አገሮች አንድ የግልቢያ ፈረስ ወደ 500 ኪሎ ግራም ይመዝናል፤ ሁለት ፈረሶች 10 ኩንታል ያህል ናቸው ማለት ነው። መቶ ሊትር ውሃ ሲጨመር አንድ ኩንታል ይታከላል። አልጋውና ምድጃው፣ ሣሩና ኮርቻውም እንዲሁ ሸክም ናቸው። ስለዚህ ጎማው፣ የመንኰራኵሩ ዘንግና ፍሬኑ የሚችሉት ክብደት ሳይታወቅ እንጨት መቁረጥ አይገባም። ሁለተኛው ሚዛን ነው። ከባዱ ዕቃ ሁሉ ወደ ኋላ ከተከማቸ ተሳቢው በጉዞ ላይ ግራና ቀኝ ይወዛወዛል፤ ስለዚህ ከጠቅላላው ክብደት ቢያንስ አንድ ዐሥረኛው ያህል ከመኪናው ጋር በሚያያይዘው መንጠቆ ላይ ማረፍ አለበት። ሦስተኛው አየር ነው። ከፈረስ ሽንት የሚወጣው አሞንያ የተባለው ጋዝ ዓይንንና ሳንባን ስለሚጎዳ፣ የሰውና የፈረስ ክፍሎች በደንብ የተደፈነ ግድግዳ፣ የየራሳቸው በርና የየራሳቸው የአየር መውጫ ሊኖራቸው ይገባል። አራተኛው ወለል ነው። ሽንት እንጨትን ያበሰብሳል፤ ብረትንም ያዝጋል። ያገለገለ ተሳቢ የሚገዛ ሰው ምንጣፉን ገልጦ፣ ጎንበስ ብሎም ከሥሩ ማየት አለበት። የቀለም ውበት ብዙ ነገር ይሸፍናልና።

ይህ ነገር ለአገራችን እንግዳ ይመስል ይሆናል። ነገር ግን ተሳቢ ምን ያህል ከባድ ጌታ እንደሚሆን፣ ማደሪያን ይዞ መጓዝም ምን ዋጋ እንደሚያስከፍል ከደብረ ታቦር የተነሣ አንድ ጉዞ ከ150 ዓመታት በፊት አሳይቷል። ጉዞው ዓፄ ቴዎድሮስ ወደ መቅደላ ያደረጉት የመጨረሻ ጉዞ ነው።

በደብረ ታቦር አቅራቢያ በምትገኘው በጋፋት፣ ዋልድማየርን የመሳሰሉ ከአውሮፓ የመጡ ባለሙያዎች ከኢትዮጵያውያን ሠራተኞች ጋር ሆነው ለንጉሠ ነገሥቱ መድፎችን ይሠሩ ነበር። ከሁሉም የሚበልጠው ሴባስቶፖል ሲሆን ክብደቱ ወደ 70 ኩንታል ይጠጋል። መስከረም 30 ቀን 1860 ዓ.ም. ዓፄ ቴዎድሮስ ደብረ ታቦርን አቃጥለው ሲነሡ ይህ መድፍ በሠረገላ ላይ ተጭኖ ይጎተት ጀመር። ለእርሱ ብቻ እስከ 500 የሚደርሱ ሰዎች ያስፈልጉት ነበር። ሠረገላ የሚያልፍበት መንገድ ስላልነበረ ዐለቱ እየተፈለጠ፣ ገደሉ እየተደለደለ መንገድ ተሠራ፤ ንጉሠ ነገሥቱም ራሳቸው በሥራው ላይ ይውሉ ነበር። በጋይንት አልፈው፣ የጅዳንና የበሽሎን ጥልቅ ሸለቆዎች ወርደውና ወጥተው መቅደላ የደረሱት በመጋቢት ወር ነው። ፈረሰኛ በጥቂት ቀናት የሚዘልቀው መንገድ ከአምስት ወር በላይ ፈጀ።

ታዲያ ይህ ሁሉ ሕዝብ የት ያድር ነበር? ቤቱ ድንኳን ነበር። «ከተማ» የሚለው ቃል ራሱ ጥንት የጦር ሠፈርን ያመለክት ነበር። ፊታውራሪ፣ ቀኝ አዝማች፣ ግራ አዝማች የሚሉት ማዕረጎችም የሠፈሩንና የሰልፉን አቀማመጥ ያስታውሱናል። ድንኳን ጠዋት ተነቅሎ በበቅሎ ተጭኖ፣ ማታ ሌላ ስፍራ ይተከላል፤ ለተጓዥ ማደሪያነት ከዚህ የቀለለ አይገኝም። ዳሩ ግን ቀላሉ ድንኳን ከባዱን መድፍ መጠበቅ ግድ ሆነበት። የጋፋት ባለሙያዎች ከነቤተሰባቸው፣ ወታደሩም ከነጓዙ በመድፉ እርምጃ ተጓዙ። ብዙ ሕዝብ በአንድ ስፍራ በቆየ ቁጥር ደግሞ የአካባቢው እህል፣ ሣርና ማገዶ ያልቃል።

በዚያው ጊዜ ከዙላ ወደብ ተነሥቶ ይመጣ የነበረው የጄኔራል ናፒየር የእንግሊዝ ጦር ሌላ ዘዴ መርጦ ነበር። ከባድ መድፎቹን ከሕንድ ባመጣቸው 44 ዝሆኖች አስጭኖ፣ የተራራ መድፎቹን ደግሞ ፈታትቶ በበቅሎ ያስጉዝ ነበር። ሸክሙ በመከፋፈሉ ጦሩ እንስሳ ባለፈበት ሁሉ ማለፍ ቻለ። የሚያሳዝነው ግን ይህ ጦር ወደ ጅዳ ሸለቆ ሲደርስ ዓፄ ቴዎድሮስ በብዙ ድካም ያሠሩትን መንገድ አግኝቶ መጠቀሙ ነው። ሚያዝያ 3 ቀን በአሮጌ ውጊያ ተደረገ፤ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ በመቅደላ ራሳቸውን ሠዉ። ሴባስቶፖል እስከ ዛሬ በዚያው በመቅደላ ይገኛል።

ከዚህ የምንማረው ከባድ ነገር መጎተት ከንቱ ነው ማለትን አይደለም። ያ መንገድ የታላቅ ጽናትና የእጅ ጥበብ ሥራ ነበር። የምንማረው የሚጎተተው ነገር ክብደት የጎታቹን መንገድ፣ ጊዜና ማደሪያ የሚወስን መሆኑን ነው። ዛሬ ከፎገራ ሜዳ፣ ከወረታ ተነሥቶ ደብረ ታቦር የሚደርስ መኪና 900 ሜትር ያህል ሽቅብ ይወጣል፤ ሲመለስም ያንኑ ያህል ቁልቁል ይወርዳል። ተሳቢ የሚጎትት ነጂ የመውጣቱን ጉዳይ ለሞተሩ ሊተው ይችላል፤ የመውረዱን ጉዳይ ግን ገና ጭነቱን ሲጭን ሊያስብበት ይገባል። በተሳቢ ውስጥ ማደሪያ የሚሠራ ሰውም እንዲሁ ነው። አልጋውንም ሆነ ምድጃውን ከማስገባቱ በፊት «ይህን ቁልቁለት ላይ እይዘዋለሁን?» ብሎ ይጠይቅ። መልሱ «አይሆንም» ከሆነ ዕቃውን ከቤቱ ይተወው።