የፑል ጠረጴዛና የመረሬ አፈር፦ ተረትና እውነታ

በአዲስ አበባ ዝቅተኛ አካባቢዎች፣ በተለይም በቦሌና በአቃቂ በኩል በሚገኘው መረሬ በሚባል ጥቁር አፈር ላይ በተሠሩ መኖሪያ ቤቶች፣ የፑል ጠረጴዛ ያስገቡ ሰዎች ኳሱ ወደ አንድ ጥግ መሳብ ሲጀምር አዘውትረው የሚሰሙት ማብራሪያ «ጠረጴዛው ከብዶ ወለሉን አሰመጠው» የሚል ነው። ይህ እምነት ስሕተት ከመሆኑም በላይ ቤት ያበላሻል፤ ባለቤቱ ጥፋቱን በጠረጴዛው ላይ ጥሎ ከእግሮቹ ሥር ወለሉን አስፈልጦ ወፍራም ኮንክሪት ሲያስሞላ፣ መሠረቱን የሚያንቀሳቅሰው ውሃ ከግድግዳው ሥር መስረጉን ይቀጥላልና።

እምነቱ ከባዶ የመጣ አይደለም። የጠረጴዛው መጫወቻ ገጽ 2.5 ሳንቲ ሜትር ያህል ውፍረት ካለው ስሌት ከሚባል ጠፍጣፋ ድንጋይ ስለሚሠራ፣ ባለ 8 ጫማ ጠረጴዛ 400 ኪሎ ግራም ያህል ሊመዝን ይችላል፤ በእንጨት ርብራብ ወለል ወይም በወፍራም ምንጣፍ ላይ ሲቆምም እግሮቹ ቀስ በቀስ ይሰምጣሉ። በመሬት ላይ በተሞላ ኮንክሪት ግን ነገሩ ሌላ ነው። ይኸው ክብደት ጠረጴዛው በሚሸፍነው 3.5 ካሬ ሜትር ገደማ ላይ ሲከፋፈል በካሬ ሜትር ከ115 ኪሎ ግራም አይበልጥም፤ ውሃ የጠጣ መረሬ አፈር ግን በካሬ ሜትር ከ10 ቶን በሚበልጥ ኃይል ወደ ላይ ሊገፋ ይችላል።

መረሬ ሞንትሞሪሎናይት የተባለ የሸክላ ማዕድን በብዛት የያዘ አፈር ሲሆን፣ ማዕድኑ በስስ ንጣፎቹ መካከል ውሃ ሲገባ ያብጣል፣ ሲደርቅም ይኮማተራል፤ በበጋ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ የሚታይበት መሬት በክረምት ተመልሶ የሚገጥመው በዚህ ምክንያት ነው። ቤት ሲሠራበት በግድግዳው ዙሪያ ያለው አፈር ከወቅቱ ጋር ሲረጥብና ሲደርቅ ከወለሉ መካከል ሥር ያለው ብዙም ስለማይለወጥ፣ ወደ ውጭ ግድግዳ የተጠጋው የጠረጴዛ ጫፍ በክረምት ከፍ፣ በበጋ ዝቅ ይላል። ወለሉ በአንድ ወገን ብቻ ቢያዘነብል የእግሮቹን ማስተካከያ ማዞር ይበቃል፤ አንድ ጥግ ለብቻው ሲነሣ ግን ስሌቱን የተሸከመው ማቀፊያ ይጠመዘዛል፣ ስሌቱ በሚዋቀርባቸው ሦስት ቁራጮች መጋጠሚያ ላይ የተሞላው የማር ሰምም ይሰነጠቃል። ከጨርቁ በላይ ጣት ሲያልፍ ቀጭን እርከን ይሰማል፤ በዝግታ የሚንከባለል ኳስም እዚያ ሲደርስ ዘለል ብሎ አቅጣጫውን ይስታል።

ይህ ሁሉ ሳይመረመር ኮንክሪት የሚያዝዙ «ባለሙያዎች» ገንዘብ ከማስጨረሳቸው በላይ ጉዳቱን ያባብሳሉ፤ የሚያብጠው አፈር ተቆፍሮ ወጥቶ በማያብጥ ሙሌት ካልተተካ፣ አዲሱ ኮንክሪት በዚያው አፈር ላይ አብሮ ይነሣል፣ አብሮም ይወርዳል፤ ከቀሪው ወለል ተቆርጦ ስለተለየም ለብቻው ይንቀሳቀሳል። ምን ያህል ጥልቀት መቆፈር እንደሚያስፈልግ ያለ አፈር ምርመራ መናገርም አይቻልም።

ሌሎቹ እምነቶች ብዙ ማብራሪያ አይሹም። የታጠፈ ካርቶን ከእግር ሥር መወተፍ የሚበጀው ካርቶኑ እስኪታመቅ ድረስ ብቻ ነው። በተራ የግንበኛ ውሃ ልክ መለካትም አያስተማምንም፤ ዓለም አቀፉ የፑል ጠረጴዛ መስፈርት በርዝመቱ 0.5፣ በወርዱ 0.25 ሚሊ ሜትር ገደማ ልዩነት ብቻ ሲፈቅድ፣ ተራው ውሃ ልክ በ1 ሜትር ብቻ ግማሽ ሚሊ ሜትር ሊሳሳት ይችላል። ውሃ ልኩን በጎማው ጠርዝ ላይ ማኖር ደግሞ የስሌቱን ደረጃ አያሳይም። «አንዴ ከተስተካከለ አይነካም» የሚለው በመረሬ ላይ ፈጽሞ አይሠራም፤ አንዴ በግንቦት፣ አንዴ ደግሞ ክረምቱ እንዳበቃ በመስከረም መጨረሻ መለካት ይገባል፤ ሲስተካከልም መጀመሪያ ማቀፊያው በእግሮቹ፣ ቀጥሎ ስሌቱ ከሥሩ በሚገባ ስስ ሽብልቅ፣ በመጨረሻም መጋጠሚያው በሰም ነው።

ኳሱ ሊቆም ሲል በመጨረሻዎቹ ጥቂት ሳንቲ ሜትሮች ወደ ጎን መሳቡን ያስተዋለ ባለቤት ግን ወለል ፈላጭ ከመጥራቱ በፊት ከቤቱ ወጥቶ የጣሪያው አሸንዳ የት እንደሚያፈስስ፣ የተቀበረው የውሃ ቧንቧም ያፈስስ እንደሆነ ይመልከት።