የሦስት በመቶው ሒሳብ፦ የጤና መድን መዋጮ ከማን ኪስ ይወጣል?

ፔሮል ላይ አንድ ተጨማሪ ተቀናሽ የሚያመጣ ሕግ ሲወጣ የድርጅቱ ሒሳብ ሠራተኛ መጀመሪያ የሚጠይቀው “ከመቼ ጀምሮ?” ብሎ ነው። የማኅበራዊ ጤና መድን አዋጅ ቁጥር 690/2002 ይህን ጥያቄ ከአሥር ዓመት በላይ አንጠልጥሎት ቆይቷል። አዋጁ ወጣ፤ ደንብ ቁጥር 271/2005 ተከተለ፤ መዋጮው የሚጀመርበት ጊዜ ደጋግሞ ተነገረ፤ ደጋግሞም ተላለፈ። የሆስፒታሎቹ ዝግጁነት አንዱ ምክንያት ነበር። ከዚያ ያልተናነሰው ግን የደመወዝተኛው ማጉረምረም ነው። ኑሮው በናረበት ሰዓት ከደመወዝ ላይ ሌላ ቁራጭ መንሳት ለየትኛውም መንግሥት ቀላል ሥራ አይደለም።

የሕጉ ስሌት አጭር ነው። ሠራተኛው ከጠቅላላ ደመወዙ 3 በመቶ፣ አሠሪው በላዩ ሌላ 3 በመቶ ያዋጣሉ። ጡረተኛው ከአበሉ 1 በመቶ ሲከፍል መንግሥት ያንኑ ያህል ይጨምራል። መዋጮው በፈቃድ አይደለም፤ ግዴታ ነው። ሽፋኑ የትዳር ጓደኛንና ለአካለ መጠን ያልደረሱ ልጆችንም ይይዛል።

“ሦስት በመቶ ምን አላት?” የሚል ሰው እርሳሱን ማንሳት ይኖርበታል። መዋጮው የሚሰላው ከጠቅላላው ደመወዝ ነው፤ ቤተሰብ የሚኖረው ግን እጅ ላይ በሚገባው ብር ነው። ግብሩ በ2017 ዓ.ም. በተሻሻለው የገቢ ግብር አዋጅ ተሰልቶ፣ የጤና መዋጮው ከግብር ነፃ እንዳልሆነ ከተወሰደ ሒሳቡ እንዲህ ይመጣል። 10,000 ብር የሚያገኝ ሰው 1,650 ብር ግብርና 700 ብር ጡረታ ተቆርጦለት 7,650 ብር ይዞ ይወጣል። ከዚህ ላይ 300 ብር ሲነሳ ከተጣራው ገቢ ወደ 3.9 በመቶ ይጠጋል። የ30,000 ብር ተከፋይ ላይ ደግሞ ከ19,450 ብር ላይ 900 ብር ይወርዳል፤ 4.6 በመቶ መሆኑ ነው። 4,000 ብር የሚያገኘው ዘበኛ ወይም ተላላኪ 120 ብር ያጣል፤ ከ3,420 ብሩ 3.5 በመቶ። በመቶኛው የዝቅተኛው ሰው ያነሰ ይመስላል። ነገር ግን ያች 120 ብር የምትወጣው ከዳቦውና ከታክሲው ላይ መሆኗን መርሳት አይገባም።

ክርክሩ የሚከርረው አሠሪው በሚከፍለው ሁለተኛው 3 በመቶ ላይ ነው። በወረቀት የድርጅቱ ወጪ ነው። በአማካይ 10,000 ብር የሚከፈላቸው 50 ሠራተኞች ያሉት ድርጅት በወር 15,000፣ በዓመት 180,000 ብር ይጨምርበታል። ይህ የሚመጣው ቀድሞ ለጡረታ ከሚከፍለው 11 በመቶ ላይ ነው። ለአሠሪው የአንድ ሠራተኛ ዋጋ ደመወዙ ብቻ አይደለም፤ ጡረታው፣ መድኑ፣ ፈቃዱ ሁሉ ተደምሮ ነው። እናም አዲስ ወጪ ሲመጣ ነጋዴው ሦስት መንገድ ይኖረዋል፦ ከትርፉ መቻል፣ ዋጋ ላይ መጫን፣ ወይም የሚቀጥለውን የደመወዝ ጭማሪ ማሳነስ። ሥራ ፈላጊው በበዛበት የአዲስ አበባ ገበያ ሦስተኛው መንገድ ቀላሉ ነው። ደመወዝ በአዋጅ ማግሥት አይቀነስም፤ ብቻ በበጀት ዓመቱ መጨረሻ ይጨመር የነበረው 10 በመቶ 7 ይሆናል፤ ማንም ልብ አይለውም። የምጣኔ ሀብት ምሁራን ስለ ደመወዝ ታክስ ሲከራከሩ የሚመለሱበት ነጥብ ይኸው ነው፤ ሕጉ ከፋይ ብሎ የጻፈውና በእርግጥ ሸክሙን የሚሸከመው አንድ ላይሆኑ ይችላሉ።

ታዲያ ለምን በግዴታ? እዚህ ላይ የሕጉ አርቃቂዎች የሚናቅ ምክንያት አላቸው ማለት አይቻልም። መድን በፈቃድ ከሆነ ቀድሞ የሚመዘገበው የታመመው ነው። ጤነኛው ይሸሻል፤ ወጪው ይንራል፤ አረቦኑ ይጨምራል፤ ያን ጊዜ ደግሞ የቀረው ጤነኛም ይወጣል። ሁሉም በግዴታ ሲገባ ግን የወጣቱ መዋጮ የአዛውንቱን ሕክምና ይሸፍናል። አማራጩ ደግሞ የታወቀ ነው። በ2009 ዓ.ም. በተጠናው የጤና ወጪ ሒሳብ መሠረት ከአገሪቱ የጤና ወጪ አንድ ሦስተኛው ገደማ በሕክምና ሰዓት በቀጥታ ከሕመምተኛው ኪስ የሚወጣ ነበር። አንድ ቀዶ ሕክምና የሱቅ መነሻ ካፒታል ሲበላ ያላየ ነጋዴ የለም።

ስለዚህ ጥያቄው “ይቆረጥ ወይስ አይቆረጥ” ብቻ አይደለም፤ ለተቆረጠው ምን ይገኛል የሚለው ነው። ደንቡ ከሽፋኑ ውጭ ያደረጋቸው አሉ፦ ከአገር ውጭ የሚደረግ ሕክምና፣ የአካል ንቅለ ተከላ፣ የቁንጅና ቀዶ ሕክምና፣ መነጽር፤ የኩላሊት እጥበትም ድንገተኛ ካልሆነ በቀር። ሥር የሰደደ የኩላሊት ሕመም ያለበት ደመወዝተኛ እያዋጣ ለእጥበቱ ግን ከኪሱ ይከፍላል ማለት ነው። ከዚህ የባሰው ግን በዝርዝሩ ውስጥ ያለው ነገር መጥፋቱ ነው። መድኃኒቱ ይሸፈናል ተብሎ መደርደሪያው ባዶ ከሆነ ሐኪሙ “ከውጭ ግዙ” ይላል፤ ሠራተኛውም ያን ጊዜ ሁለት ጊዜ ከፈለ።

ሁለት ጊዜ መክፈል የሚያሰጋቸው ሌሎችም አሉ። በርካታ ባንኮችና ትላልቅ ድርጅቶች ለሠራተኞቻቸው ከግል ኢንሹራንስ ኩባንያ የቡድን የሕክምና ሽፋን ይገዛሉ፤ በዓመት እስከዚህ ብር የሚል ጣሪያ ያለው፣ በግል ሆስፒታል የሚያሳክም። ለእነዚህ ሠራተኞች 3 በመቶው አዲስ አገልግሎት ሳይሆን አዲስ ሒሳብ ሆኖ ነው የሚታያቸው። ድርጅቱ ወጪ ለመቀነስ የቡድኑን ሽፋን ቢተወው ደግሞ ሠራተኛው ከግል ሆስፒታል ወደ ወረፋው ይወርዳል።

ጎረቤት ኬንያ ይህን መንገድ ቀድማ ሄዳበታለች፤ ጩኸቱንም ሰምታለች። በቀድሞው የሆስፒታል መድን ፈንድ የአንድ ደመወዝተኛ ወርሃዊ መዋጮ በደረጃ ከ150 እስከ 1,700 ሽልንግ ነበር። እ.ኤ.አ. ከጥቅምት 2024 ጀምሮ ግን በአዲሱ ፈንድ ከጠቅላላ ደመወዝ 2.75 በመቶ ሆነ፤ ጣሪያ የለውም። 20,000 ሽልንግ የሚያገኘው ከ750 ወደ 550 ወረደለት። 100,000 የሚያገኘው ከ1,700 ወደ 2,750፣ 200,000 የሚያገኘው ወደ 5,500 ወጣበት። አሠሪው የሚጨምረው የለም። ነገሩ ፍርድ ቤት ደርሶ ከፍተኛው ፍርድ ቤት ሕጎቹን ሕገ መንግሥቱን ይጥሳሉ ቢልም፣ ይግባኝ ሰሚው ውሳኔውን አግዶ ፈንዱ ሥራ ጀመረ። የቅሬታው ድምፅ የወጣው ከመካከለኛው ደመወዝተኛ ነበር፤ የዝቅተኛው መዋጮ መቀነሱን ያነሳ ጥቂት ነው።

የመርካቶው ነጋዴና ደላላ ይህ ሁሉ አይመለከተኝም ሊል ይችላል። የማኅበራዊ ጤና መድኑ የታሰበው አሥርና ከዚያ በላይ ሠራተኛ ላላቸው ድርጅቶች ነው፤ ደመወዝተኛ ያልሆነው ወገን በ2003 ዓ.ም. በአራት ክልሎች 13 ወረዳዎች በሙከራ በተጀመረው ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን ይታቀፋል። ይሁንና መስመሩ አሥር ላይ ሲሰመር ዘጠነኛውን ሠራተኛ ቀጥሮ አሥረኛውን በኮንትራት ወይም በወንድሙ ስም የሚያሠራ ሱቅ እንደሚኖር ለመገመት ነቢይ መሆን አያሻም። ዘጠኝ ሠራተኛ ያለው አስመጪ ቅርንጫፍ ለመክፈት ሲያስብ፣ ከኪራዩ ጎን አሁን ይህንንም መስመር ይጽፋል።